በመጠጥ የተያዘውን ወገን ስለ መመለስ፦ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአረካና በዙሪያዋ ባሉ የወላይታ አጥቢያዎች ወርኀ መስከረም የመሰባሰቢያ ጊዜ ነው። ጊፋታና የመስቀል በዓል ሲቃረቡ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች የሚሠሩ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ዕዳውን ከፍሎ አዲሱን ዘመን ለመቀበል የሚተጋም ብዙ ነው። ነገር ግን ቤተሰብ በተሰበሰበበት ማዕድ ዙሪያ ስሙ በሹክሹክታ የሚነሣ አንድ ሰው በብዙ ቤት አለ። ሰውየው የቤቱ አባወራ፣ የበኵር ልጅ፣ አንዳንድ ጊዜም እናት ወይም እኅት ሊሆን ይችላል። ማለዳ አረቄ ካልቀመሰ የእጁ መንቀጥቀጥ አይቆምለትም፤ ለልጆቹ ደብተር መግዣ የታሰበውን ገንዘብ ለመጠጥ ቤት ያስረክባል፤ ማታ ሲገባ ልጆቹ የእግሩን ኮቴ ሰምተው ይሸሸጋሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ያለባቸው ቤተሰቦች ወደ ካህናት ቀርበው «ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁ እንሰማለን። ጥያቄው ከባድ ነው። ብዙ ቤት እስከዚያ ድረስ ሁለት መንገዶችን ሞክሮ ደክሟል። አንደኛው ዝምታ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ዕድር እንዳያውቅ፣ የቤተሰብ ስም እንዳይነሣ ነገሩን መሸፈን። ሁለተኛው ቁጣ ነው፤ ስድብ፣ ዛቻ፣ አንዳንድ ጊዜም ዱላ። ዝምታው መጠጡን ያቆየዋል፤ ቁጣውም ሰውየውን ከቤቱ አርቆ ወደ መጠጥ ባልንጀሮቹ ይገፋዋል። በዚህ ጽሑፍ ቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚያሳዩንን፣ የሕክምናው ዕውቀትም የሚያግዘውን ሦስተኛ መንገድ እንመለከታለን። ይኸውም ቤተሰብ ተዘጋጅቶ፣ ተመካክሮና ጸልዮ፣ በፍቅርና በእውነት በመጠጥ የተያዘውን ወገን ወደ ንስሓና ወደ ሕክምና የሚጋብዝበት መንገድ ነው።

ስካር በቅዱሳት መጻሕፍት

ቤተ ክርስቲያናችን ወይን በተፈጥሮው ክፉ ነው ብላ አታስተምርም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወደ ወይን ለውጧል (ዮሐ. 2፥1-11)፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። ይኸው ሐዋርያ ግን ሰካሮችን የእግዚአብሔርን መንግሥት ከማይወርሱት ጋር ይቈጥራቸዋል (1ቆሮ. 6፥10፤ ገላ. 5፥21)፤ የኤፌሶን ምእመናንንም ከወይን ስካር ርቀው በመንፈስ ቅዱስ እንዲሞሉ ያዝዛቸዋል (ኤፌ. 5፥18)።

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ ምዕራፍ 23 መጨረሻ ላይ የሰካርን ሰው ኑሮ ሲገልጥ የዓይኑን መቅላት፣ ያለ ምክንያት የሚደርስበትን ቍስል፣ የሚነሣውን ጠብ ይዘረዝራል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን መደምደሚያው ነው፤ ያ ሰው ተመትቶ፣ ቆስሎና ተዋርዶ ሲነቃ የሚፈልገው ያንኑ መጠጥ ነው። ጉዳቱን እያወቀ ወደ ጎጂው መመለስ፣ ዛሬ ሐኪሞች «የመጠጥ ጥገኝነት» ከሚሉት ምልክቶች አንዱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን እስራት ከብዙ ዘመን በፊት አይቶታል።

ለቤተሰብ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው የጻድቁ ኖኅ ታሪክ ነው (ዘፍ. 9፥20-27)። ኖኅ ጠጥቶ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መልሰው፣ ወደ ኋላ ተራምደው አባታቸውን አለበሱት። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ የወገንን ውርደት በየመንደሩ ማውራት የካም ሥራ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሴምና ያፌት የሸፈኑት የአባታቸውን ዕራቁትነት እንጂ የጎደለውን ጽዋ እንዳልሞሉለት ነው። ክብርን መጠበቅና መጠጡን ማገዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ቤት የሚስተው ይህን ልዩነት ነው።

ኀጢአት ነው ወይስ ሕመም?

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። መልሱ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይደለም። ስካር ኀጢአት ነው፤ ንስሓም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሰውነቱና አእምሮው ከመጠጡ ጋር ይላመዳሉ፤ ያን ጊዜ በፈቃዱ የጀመረው ነገር ፈቃዱን ራሱን ያስረዋል። ይህ ሲሆን ሕመምም ነው፤ ሕክምናም ያስፈልገዋል። «ኀጢአት ብቻ ነው» የሚል ሰውየውን ሐኪም ያሳጣዋል፤ «ሕመም ብቻ ነው» የሚልም የንስሓን መድኃኒት ያስቀርበታል።

ቤተሰብ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። በፊት ያረካው የነበረው መጠን አሁን የማያረካው ከሆነ፤ አንድ ብርሌ ወይም አንድ መለኪያ ብሎ ጀምሮ ማቆም ካቃተው፤ ጠዋት ሲነሣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ የሚያቅለሸልሸውና መጠጥ ሲቀምስ የሚረጋጋ ከሆነ፤ ጸሎቱን፣ ሥራውንና ልጆቹን ትቶ ቀኑ በመጠጥ ዙሪያ የሚዞር ከሆነ፤ ጉዳቱን እያየም የሚቀጥል ከሆነ፣ ነገሩ ከመዝናናት አልፏል። የመጠጡ ዓይነትም ልዩነት አለው። ጠላና ቦርዴ አልኮላቸው ዝቅተኛ ነው፤ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ከተጠጡ ያሰክራሉ። ዳግም አረቄ ግን በመቶ ከ40 በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «አንድ ሁለት መለኪያ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው ንግግር እንደ መጠጡና እንደ መለኪያው ይለያያል።

እዚህ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ከባድ ነገር አለ። በየዕለቱ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው መጠጥን በድንገት ማቋረጡ ለሕይወቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ካቆመ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ይጀምሩታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል፤ ቀንና ሌሊቱን ይስታል። ይህ ሕክምና ካላገኘ ሊገድል የሚችል ሕመም ነው። ስለዚህ ሰውየውን ቤት ቆልፎበት «ሳምንት ከታገሠ ይለቀዋል» ማለት በወገን ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። በሕክምና ክትትል ሥር ሲሆን ግን በመድኃኒት እየተረዳ በሰላም ሊያቋርጥ ይችላል።

ቤት ሳያውቅ መጠጡን የሚያግዝባቸው መንገዶች

ወገንን ወደ ንስሓ ከመጥራት በፊት ቤተሰብ ራሱን ሊመረምር ይገባል። እናት ልጇ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልችል ብላ የመቀነቷን ብር ትሰጠዋለች። ሚስት ባሏ ሥራ የቀረው በስካር ሆኖ ሳለ «ወባ ይዞት ነው» ብላ ለአለቃው ትናገራለች። ወንድም በየመጠጥ ቤቱ የተመዘገበውን ዱቤ በየወሩ ይከፍላል። አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ ለቤት ወጪ ብሎ የላከውን ገንዘብ በአባቱ እጅ ይልካል። እነዚህ ሁሉ ከፍቅር የመነጩ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ ሰውየው የመጠጡን ዋጋ ራሱ እንዳይቀምስ ያደርጉታል።

ጌታችን በጠፋው ልጅ ምሳሌ ያሳየንን እናስተውል (ሉቃ. 15፥11-32)። አባትየው ልጁን አልረሳውም፤ ገና ሩቅ ሳለ ያየው መንገዱን ይጠብቅ ስለ ነበር ነው። ነገር ግን ልጁ ገንዘቡን በጨረሰበት በሩቅ አገር ሌላ ገንዘብ ልኮለታል ተብሎ አልተጻፈም። ልጁ ወደ ልቡ የተመለሰው ራብ በደረሰበትና የሚሰጠው ሰው ባጣ ጊዜ ነው። የአባቱ በር ሁልጊዜ ክፍት ነበር፤ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ስንቅ ግን አልነበረም። ቤተሰብም እንዲህ መሆን ይችላል፤ ለመመለሻው ሁሉን የሚሰጥ፣ ለመጠጡ ግን ምንም የማይሰጥ።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አስቸጋሪ ነገር አለ። በአካባቢያችን ጠላ መጥመቅና አረቄ ማውጣት የብዙ እናቶች መተዳደሪያ ነው። በመጠጥ የተያዘ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ግን ጋኑና ማሰሮው አጠገቡ ሳሉ «አትጠጣ» ማለት ከእሳት አጠገብ ተቀምጦ አትሙቅ እንደ ማለት ነው። እንዲህ ላለች እናት ወቀሳ አይጠቅማትም፤ ሌላ የገቢ መንገድ እስክታገኝ ድረስ ዘመዶችዋ፣ ዕድሩና ሰንበቴው ሊደግፏት ይገባል።

ጌታችን የሰጠን ሥርዓት

የበደለን ወንድም እንዴት እንደምንመልስ ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ከቍጥር 15 እስከ 17 ሥርዓት ሠርቶልናል። በመጀመሪያ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ይነግረዋል። ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰዎችን ይጨምራል። ያንንም ባይሰማ ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። የዚህ ሁሉ ዓላማ ወንድምን ማትረፍ ነው። ሥርዓቱ በምሥጢር ይጀምራል፤ የሰውየውን ክብር ይጠብቃል፤ ምስክሮቹንም ጥቂት ያደርጋቸዋል። የአገራችን ሽምግልናም በደኅናው ጊዜ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

በውጭው ዓለምም ተመሳሳይ አሠራር ተሞክሯል። በአሜሪካ ቨርነን ጆንሰን የተባለ፣ ራሱ ከመጠጥ እስራት የወጣ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቤተሰብና ወዳጅ ተሰብስበው ለሰውየው ያዩትን በፍቅር የሚነግሩበትንና ወደ ሕክምና የሚጠሩበትን ዘዴ አስፋፋ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች ቤተሰብን በዝግታ የሚያሠለጥን ሌላ ዘዴ አዘጋጁ። በዚህኛው ቤተሰብ ሰውየው ሳይጠጣ በዋለ ጊዜ ይቀርበዋል፣ ያመሰግነዋል፣ አብሮት ይበላል፤ ሲጠጣ ያለ ስድብ ይርቀዋል፤ ልቡ በለሰለሰ ሰዓት ደግሞ ሕክምናን ያቀርብለታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት 130 የቤተሰብ አባላት በሦስት ተከፍለው ተመዘኑ። በዝግታ በሠለጠኑት ዘንድ በመቶ 64 የሚሆኑት ወገናቸውን ወደ ሕክምና አመጡ፤ የፊት ለፊቱን ስብሰባ በተማሩት ዘንድ በመቶ 30፤ ራሳቸውን ብቻ እንዲጠብቁ በተመከሩት ዘንድ ደግሞ በመቶ 13። የፊት ለፊቱን ዘዴ ከተማሩት ብዙዎቹ ከስብሰባው ሳይደርሱ ቀርተዋል፤ ወገንን ፊት ለፊት መውቀስ ከብዷቸዋልና።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? በአንድ ቀን ተሰብስቦ ከመጮህ ይልቅ ለወራት በጥበብ መቅረብ ብዙዎችን ይመልሳል። የጌታ ሥርዓትም የሚጀምረው በጉባኤ ሳይሆን በአንድ ለአንድ ንግግር ነው። ስለዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይዘል፣ በትዕግሥት ደጋግሞ ይሞክር፤ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው የመጀመሪያው ሳይሰምር ሲቀር ነው።

አካሄዱ

አስቀድሞ የሚናገሩት ሰዎች ይመረጡ። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ሰውየው የሚያከብራቸው፣ የሚወዱት፣ ምሥጢር የሚጠብቁና ራሳቸው ከመጠጥ የራቁ ይሁኑ። ከእርሱ ጋር የርስት ክርክር ወይም የቆየ ቂም ያለው ሰው አይግባ። የንስሓ አባት ቢኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድመው ነገሩን ሊያውቁትና በዘዴው ሊስማሙ ይገባል። ሕፃናት ልጆች ግን በዚህ ሸክም ውስጥ አይግቡ።

እነዚህ ሰዎች ሰውየው በሌለበት ተገናኝተው ይመካከሩ፤ ጾምና ጸሎት ይያዙ፤ ማን ምን እንደሚናገር ይወስኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሺ ያለ ዕለት ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚሸኘው፣ የመጓጓዣና የሕክምና ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣ፣ እርሱ በሌለበት እርሻውንና ከብቱን ማን እንደሚያይ። ሰውየው እሺ ብሎ ቤተሰብ «እንግዲህ ከበዓል በኋላ እናያለን» ካለ፣ ያ በር ዳግመኛ ለመከፈቱ ዋስትና የለም።

ጊዜው ሰውየው ያልጠጣበት፣ ብዙ ጊዜም ማለዳው ይሁን። ቦታው ቤት ይሁን፤ የሠፈር ሰው የሚያይበት ደጅ ወይም የድግስ ቦታ አይሁን። ጠጥቶ ከመጣ ንግግሩ ለሌላ ቀን ይተላለፍ፤ ከመጠጥ ጋር የሚደረግ ክርክር ፍሬ የለውም።

ቃሉ እንዴት ይነገር?

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሲገሥጽ ያደረገውን እንመልከት (2ሳሙ. 12፥1-13)። በስድብ አልጀመረም፤ የንጉሡን ልብ የሚያነቃ ታሪክ አቀረበ። እውነቱን ግን አላለዘበም፤ በመጨረሻው ፊት ለፊት ነገረው። ዳዊትም ወዲያው ኀጢአቱን አመነ። ቤተሰብም ሲናገር «አንተ ሰካራም ነህ» ከማለት ያየውን ይናገር፤ ቀንና ነገር ጠቅሶ፣ ከዚያም የልቡን ኀዘን ገልጦ፣ በመጨረሻም ግብዣውን አቅርቦ።

ለምሳሌ ታናሽ እኅት ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ልትለው ትችላለች፦ «ጋሼ፣ አባታችን ሲያርፍ እኛን ያሳደግኸን አንተ ነህ፤ ይህን አልረሳም። በልጅህ ክርስትና ዕለት ግን ቄሱ ስምህን ሲጠሩ አልነበርህም፤ ስናገኝህ መንገድ ዳር ወድቀህ ነበር። ያን ዕለት የሞትህ መስሎኝ አለቀስሁ። አሁንም እፈራለሁ። ሐኪም ዘንድ አብሬህ ልሂድ፤ ቀጠሮ ይዘናል።»

ሚስትም እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «የልጆቼ አባት፣ ሳትጠጣ ስትውል ቤታችን ሰላም ነው፤ ልጆቹም ከጉልበትህ አይወርዱም። ጠጥተህ ስትመጣ ግን ከአልጋ ሥር ይገባሉ። ከእንግዲህ የመጠጥ ዱቤ አልከፍልም፤ ለመታከሚያህ ግን ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ።»

በሁለቱም ውስጥ ምስጋና አለ፣ የታየ ነገር አለ፣ ኀዘን አለ፣ ግብዣም አለ። ስድብ የለም፤ በሌላ ሰው ልጅ ማወዳደር የለም። የሚስቲቱ ንግግር ደግሞ ወሰን ይዟል። ወሰን ሲነገር ቤተሰቡ የሚፈጽመው ብቻ ይነገር፤ የማይፈጸም ዛቻ ሰውየውን ያደነድነዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በበደል የተገኘውን ሰው በየዋህነት መንፈስ እንድናቀና፣ እኛም እንዳንፈተን ራሳችንን እንድንጠብቅ ያስተምረናል (ገላ. 6፥1)።

ሊደረጉ የማይገባቸው

መደብደብ፣ ማሰርና ቆልፎ ማቆየት አይገባም፤ በላይ እንደ ተገለጠው ሊገድልም ይችላል። በሕዝብ ፊት ማዋረድ አይገባም። ሰውየው ሳያውቅ በምግቡ ወይም በቡናው ውስጥ የመጠጥ ማስጠሊያ መድኃኒት መጨመርም አይገባም፤ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ብርቱ ሕመም የሚያስከትሉ ስለ ሆኑ በሐኪም ትእዛዝና በታካሚው ፈቃድ ብቻ የሚወሰዱ ናቸው።

በሽምግልናችን የተለመደ ሌላም ነገር አለ፤ ሰውየውን በታቦት ስም «ሁለተኛ አልጠጣም» ብሎ ማስማል። ሽማግሌዎቹ በቅን ልብ ያደርጉታል። ነገር ግን ሕክምናና ክትትል ሳይዘጋጅለት ብቻውን በመሐላ የታሰረ ሰው ሲወድቅ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ የስካሩና የሐሰት መሐላው። ከዚያም ከካህኑ ይሸሻል፣ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። የማይፈጸም ስእለት ከመሳል አለመሳል እንደሚሻል መጽሐፈ መክብብ ያስተምራል (መክ. 5፥4-5)። የሚሻለው ከንስሓ አባቱ ጋር በየሳምንቱ እየተገናኘ፣ የዛሬውን ቀን ሳይጠጣ እንዲውል የሚረዳ ቀኖና መያዝ ነው።

ጸበልና ሐኪም

«ወደ ጸበል እንውሰደው ወይስ ወደ ሐኪም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብን ይከፍላል። ቤተ ክርስቲያን በጸበል ታምናለች፤ ብዙዎችም በጸበል ተፈውሰዋል። ይሁን እንጂ ጸበልን የሰጠ አምላክ መድኃኒትንም ፈጥሯል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ ስንታመምም ወደ እግዚአብሔር ጸልየን፣ ከኀጢአት ርቀን፣ ለሐኪሙም ቦታ እንድንሰጥ ያስተምረናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለመጠጥ ሕመምም መንገዱ ይኸው ነው።

በተለይ ወደ ጸበል ቦታ የሚሄድ ሰው በየዕለቱ አብዝቶ ይጠጣ ከነበረ፣ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢንፈራገጥ፣ ቢቃዥ፣ የሌለ ነገር አያለሁ ቢል፣ ቤተሰብ ይህን የርኩስ መንፈስ ሥራ ብቻ አድርጎ ሳይቈጥር ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ያድርሰው። ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥላል። ከአረካና ከአካባቢዋ ላሉ ምእመናን የሚቀርበው ትልቅ ሆስፒታል በሶዶ የሚገኘው፣ ሕዝቡ ኦቶና እያለ የሚጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በአዲስ አበባም የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በዚህ ሕመም ለተያዙ አገልግሎት ይሰጣሉ።

በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች የሕዝቡ ብዛት ሲከለክላቸው ጣራ ነድለው አወረዱት፤ ጌታም የእነርሱን እምነት አይቶ አስቀድሞ ኀጢአቱን ይቅር አለው፣ ከዚያም ሥጋውን አስነሣው (ማር. 2፥1-12)። ነፍስና ሥጋ በአንድ ጉብኝት ተፈወሱ። ራሱን መሸከም የማይችልን ሰው የሚሸከም ቤተሰብ ከእነዚያ አራት ሰዎች ጋር ይቈጠራል።

እምቢ ቢልስ?

በመጀመሪያው ጥሪ እምቢ የሚል ብዙ ነው። ይህ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። ቤተሰብ የተናገረውን ወሰን ይጠብቅ፤ ዱቤውን አይክፈል፣ አይዋሽለት፤ ሳይጠጣ በዋለበት ቀን ግን በፍቅር ይቅረበው፤ ጥሪውንም በሌላ ጊዜ ይድገም። ብዙ ጊዜ ልብ የሚለሰልሰው ከአንድ ውድቀት፣ ከአንድ ሕመም ወይም ከአንድ ኀፍረት በኋላ ስለ ሆነ፣ ቤተሰብ ያንን ሰዓት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ሰውየው ሚስቱን ወይም ልጆቹን የሚደበድብ ከሆነ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእነርሱ ደኅንነት ነው። መታገሥ ማለት በዱላ ሥር መቆየት ማለት አይደለም። እንዲህ ያለች እናት ከልጆቿ ጋር ወደ ወላጆቿ ወይም ወደ ዘመድ ብትጠጋ፣ ሕግንም ብትጠይቅ ቃል ኪዳኗን አፈረሰች አይባልም። ሽማግሌዎችም «ታገሺ» ብለው ከመመለሳቸው በፊት የምትመለስበት ቤት አደጋ የሌለበት መሆኑን ይመርምሩ።

ተስፋ ለመቍረጥ ለተቃረበ ቤተሰብ የሙሴ ጸሊም ታሪክ ይታወሰው። ሰኔ 24 ቀን መታሰቢያው የሚከበረው ይህ አባት አስቀድሞ ሽፍታና በብዙ ኀጢአት የተያዘ ነበር። ወደ ገዳም ከገባ በኋላም የቀደመው ልማዱ ለረጅም ጊዜ ታግሎታል፤ አባቶች ግን በትዕግሥት ይዘውት ለብዙዎች አባት ሆነ። የበደለን ወንድም ለመፍረድ በተጠራ ጊዜም አሸዋው ከኋላው የሚንጠባጠብ ቀዳዳ ቅርጫት ተሸክሞ ሄደ፤ የራሴ ኀጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ በሌላው ልፈርድ ተጠራሁ ሲል ነበር። በእስራት ያለፈ ሰው ለታሰረው ይራራል።

ከተመለሰ በኋላ የአጥቢያው ድርሻ

የተመለሰ ሰው ዳግመኛ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ሕክምናው ከንቱ ነበረ ማለት አይደለም፤ የቆሰለ እግር ሲራመድ እንደሚሰናከል ነው። ቤተሰብ ያን ዕለት ዘለፋን ትቶ ወደ ሐኪሙና ወደ ንስሓ አባቱ ይመልሰው።

ከቤተሰብ ያለፈ ድርሻም አለ። በወላይታ ከብዙ የፕሮቴስታንት ጎረቤቶች ጋር እንኖራለን፤ «ኦርቶዶክስ መጠጥ ይፈቅዳል» የሚል ነቀፋ ስንሰማም እንከፋለን። ነቀፋውን በክርክር ብቻ ልንመልሰው አንችልም። በሰንበቴው፣ በጽዋ ማኅበሩ፣ በተዝካሩና በጥምቀት ክርስትናው የምናቀርበው ምንድን ነው? ሳይጠጣ ሦስት ወር የቆየ ወንድም ለቅዱሱ መታሰቢያ ሲመጣ የመጀመሪያው የሚሰጠው የጠላ ጽዋ ከሆነ፣ ቤተሰቡ የገነባውን እኛ እናፈርሳለን። ብርዝ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ውኃ ማቅረብ የጻድቁን ወይም የሰማዕቱን መታሰቢያ አያጎድለውም። ሐዋርያው የወንድሙን መሰናክል ላለመሆን ወይን እንኳ አለመጠጣት መልካም መሆኑን አስተምሯል (ሮሜ 14፥21)። «እምቢ» ያለን ሰው «ጠጣ በሞቴ» ብሎ ማስገደድ ከማኅበሮቻችን ሊወገድ ይገባል።

ወጣቶቻችንም አሉ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም መጠጥ መሸጥን የከለከለ ነው። ሕጉ ከመጽሐፍ ወደ መንደር የሚወርደው ግን ወላጅ ልጁን ጠላ ግዛ ብሎ መላኩን ሲተው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ሲያስተምሩ ነው።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ፣ በቤታችን በመጠጥ የተያዘ ወገን ካለ ስሙን ከሹክሹክታ አውጥተን በጸሎታችን እንጥራው። በዚህ ሳምንት ከንስሓ አባታችን ጋር እንመካከር፤ ከሚያከብራቸው ዘመዶች ሁለቱን እናነጋግር፤ የሐኪም ቀጠሮ እንጠይቅ። ከዚያም ባልጠጣበት አንድ ማለዳ አጠገቡ ተቀምጠን ያየነውን በፍቅር እንንገረው።

የጠፋውን ሊፈልግ የመጣ አምላካችን በመጠጥ እስራት ያሉትን ወገኖቻችንን ይፍታልን፤ ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦችም ትዕግሥትንና ጥበብን ያድልልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና ረድኤት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።